ወሰነ ኃይል፦ የጌም ላፕቶፕ ፕሮሰሰር በቦንጋ

በካፋ ተራሮች ላይ ከሚዘንመው ዝናም ከፊሉ በጎጀብ ወንዝ ተሰብስቦ ወደ ኦሞ ይወርዳል፤ ኦሞም በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን የጊቤ ሦስትን ግድብ ሞልቶ ተርባይኖቹን ያሽከረክራል። ስለዚህ አንድ የቦንጋ ተማሪ የላፕቶፑን ቻርጀር ሶኬት ላይ ሲሰካ፣ ከገዛ ሰማዩ የወረደው ውሃ ኃይለ ኤሌክትሪክ ሆኖ ተመለሰለት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እኔ ግን ዛሬ ለአንባቢ ላስተዋውቅ የተነሣሁት ግድቡን ሳይሆን፣ ያ ኃይል በመጨረሻ የሚደርስበትን የጌም ላፕቶፕ ፕሮሰሰር፣ ይልቁንም ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ዋት ለምን ያህል ጊዜ እንዲወስድ የሚወስነውን፣ የማሽኑ ባለቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ልብ የማይለውን ሥርዓት ነው።

ጌም ላፕቶፕ ስሙ የጨዋታ ይሁን እንጂ፣ በአገራችን የሕንፃ ንድፍ የሚሥለው ተማሪና የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ባለሙያም ገንዘቡን አጠራቅሞ የሚገዛው የሥራ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱም ስለ እርሱ የሚያሰማው የመጀመሪያ ስሞታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሲጀምር ይፈጥናል፣ ወዲያው ግን ይጎተታል።» ይህ መጎተት ሕመም የሚሆንበት ጊዜ ቢኖርም፣ ብዙውን ጊዜ ግን ማሽኑ የተሠራበት ሕግ ነው።

የፕሮሰሰር ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ ከፍ እንዲል ቮልቴጁም ከፍ ማለት አለበት፤ ፍጆታውም በፍጥነቱ ልክና በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱም ቮልቴጁም ከመቶ 20 እጅ ቢጨመሩ የሚወሰደው ኃይል ከሞላ ጎደል ከመቶ 73 እጅ ይጨምራል። ለጥቂት ፍጥነት ብዙ ሙቀት ይከፈላል ማለት ነው። ኢንቴል የተባለው ታላቅ አምራች የፔንቲየም 4ን ተተኪ ገና ሳይወለድ በ1996 ዓ.ም. የሰረዘው፣ እሳቱን የሚችልበት መንገድ ስላጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የፕሮሰሰር ጥበብ ፍጥነትን ያለ ልክ መጨመር ሳይሆን ኃይልን በልክ ማደል ሆነ።

እንግዲህ ይህ ዕደላ በሁለት ወሰኖች ይከናወናል፤ በጨዋታ ሰዎች አነጋገር ፒ.ኤል. 1 እና ፒ.ኤል. 2 ይባላሉ። በብዙ ጌም ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘውን ኮር አይ 7-12700 ኤች የተባለውን ፕሮሰሰር ብንወስድ፣ አምራቹ መሠረታዊውን ወሰን 45 ዋት፣ ከፍተኛውን ደግሞ 115 ዋት ብሎ ጽፎታል። የገዳም መጋቢ ለመነኮሳቱ የዕለት መክፈልታቸውን እየሰፈረ ሲሰጥ ኖሮ በበዓል ቀን ጎተራውን እንደሚከፍት፣ በዓሉም ሲያልፍ ወደ ቀድሞ ስፍሩ እንደሚመለስ፣ ፕሮሰሰሩም ከባድ ሥራ ድንገት ሲመጣበት እስከ 115 ዋት እንዲወስድ ይፈቀድለትና፣ ብዙ ጊዜ ከ28 ወይም ከ56 ሰከንድ በኋላ፣ የቆየው አማካይ ፍጆታ ሲሰላ ወደ ታችኛው ወሰን ይመለሳል። የላፕቶፕ አምራቾችም እነዚህን ቁጥሮች እንደ ማቀዝቀዣቸው ብርታት ከፍና ዝቅ ያደርጓቸዋል፤ ተማሪው የሕንፃውን ሥዕል ሬንደር ሲያስደርግ የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ እንደ ነፋስ ሄዶ የቀረው ሰዓት የሚንቀራፈፍበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ከነዚህ ሁለት ወሰኖች በላይ ደግሞ ማንም የማያልፈው ሦስተኛ ወሰን አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። ይህ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ የተፈቀደለት ዋት ገና ቢኖርም እንኳ፣ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የቦንጋም ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በስድስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከር እንኳ ተሸክሞ የሚያወጣው አየር ክብደቱ ያነሰ ነውና ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉም ያንሳል። ነገር ግን የቦንጋ ክፍል 20 ዲግሪ ቢሆንና የቆላው ክፍል 35 ዲግሪ ቢሆን፣ 95 ዲግሪ ከደረሰ ፕሮሰሰር እስከ ክፍሉ አየር ያለው ልዩነት በቦንጋ 75፣ በቆላ 60 ይሆናል፤ ሙቀት የሚሸሸው በዚህ ልዩነት ልክ ስለሆነ፣ የአየሩ መሳሳት የወሰደውን የአየሩ ቅዝቃዜ ከሞላ ጎደል ይመልሰዋል። ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ የአየር መግቢያውን ለሚደፍን ሰው ግን የካፋ ደን ቅዝቃዜ ሁሉ አይረዳውም።

አምራቾች ለዚህ ሥርዓት ሦስት ደረጃ ያበጃሉ፤ ጸጥተኛ፣ መካከለኛና ፐርፎርማንስ ይሉታል፤ በሌኖቮ ሌጅን ላይ ኤፍ.ኤንን ከኪው ጋር በመጫን ይቀያየራል። ደረጃው ሲለወጥ ሁለቱ ወሰኖች፣ የፋኑ ፍጥነትና የግራፊክስ ካርዱ ድርሻ አብረው ይለወጣሉ። ብዙ ሰው ፐርፎርማንስን ከገዛበት ቀን ጀምሮ አይነካውም፤ በእኔ ፍርድ ግን ይህ አላስፈላጊ ጩኸት ነው። በብዙው ጨዋታ ሥራው የሚከብደው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ዝቅ ሲል የተረፈው ዋት በአዳዲሶቹ ማሽኖች ለካርዱ ይተላለፍለታል፤ ጨዋታውም አንዳንድ ጊዜ ይሻሻላል። በዊንዶውስ የኃይል ሴቲንግ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 ማውረድ በብዙው ላፕቶፕ ተጨማሪውን ፍጥነት ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ለጽሑፍና ለትምህርት ሥራ ይህ ይበቃል። ቮልቴጅን መቀነስ ከሁሉ የተሻለው ብልሃት ነበር፤ ዳሩ ግን በ2012 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ያ በር ለምስጢር መስረቂያ እንደሚያገለግል ስላሳዩ፣ በብዙ ላፕቶፖች ተዘግቷል።

መብራት ሲጠፋስ? የላፕቶፕ ባትሪ በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሳፈረው እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ስለሆነ አምራቾች ከዚያ አያሳልፉትም፤ ስለዚህ 200 ዋት የሚጠጣ ማሽን በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ በግማሽ ሰዓት ባዶ ይቀራል፤ ባትሪውም ያን ያህል ኃይል በአንድ ጊዜ መስጠት ስለማይችል ወሰኖቹ ወዲያው ይወርዳሉ። እንዲሁም የ230 ዋቱ ቻርጀር ተቃጥሎ በ90 ዋት የተተካ እንደ ሆነ፣ ወይም ማሽኑ ቻርጀሩን ያላወቀው እንደ ሆነ፣ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ የተበላሸ እየመሰለው ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል።

አንባቢዬ ላፕቶፕ ለመግዛት ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ከሆነ፣ የምነግረው ይህን ነው። አር.ቲ.ኤክስ. 4060 የተባለው የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ስሙ ሳይለወጥ ከ35 እስከ 115 ዋት ሊፈቀድለት ይችላል፤ ሁለት ማሽኖች አንድ ስም ይዘው ዐቅማቸው በብዙ ሊራራቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ስም ብቻ ሳይሆን ዋታቸውን ይጠይቅ፤ ቻርጀሩንም አገላብጦ ዋቱን ያንብብ፤ ሻጩም ከፈቀደለት ማሽኑን ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ ያሠራውና፣ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ሳይሆን የመጨረሻዋን ተመልክቶ ዋጋውን ይከራከር።