ቅዱስ ጳውሎስ በባሕር ላይ ስላገኘው መከራ፤ በእግዚአብሔር ስለ መታመን የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ምእመናን ሆይ፤ ብዙ ሰው ያላሰበው መከራ በመጣበት ጊዜ፥ «ጾምሁ፥ ጸለይሁ፥ አሥራት አወጣሁ፤ ይህ ስለምን አገኘኝ? እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆንን?» እያለ በልቡ ይታወካል። ለዚህ ሰው የሚሆን መልስ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 27 እና 28 ይገኛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሐዋርያው በኢየሩሳሌም ታስሮ ሳለ ጌታ በሌሊት ተገልጾ በሮሜ ይመሰክርለት ዘንድ እንዳለው ነገረው (ምዕ. 23 ቍ. 11)። ከዚህ በኋላ ምን ሆነ ቢሉ፥ በቂሣርያ 2 ዓመት በእስር ቆየ፤ ወደ ቄሣርም ይግባኝ አለ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ60 ዓ.ም. አካባቢ ዩልዮስ ለሚባል የመቶ አለቃ ተሰጥቶ በመርከብ ሄደ። ሙራ በምትባል ከተማ፥ ስንዴ ጭኖ ወደ ኢጣልያ ወደሚሄድ የእስክንድርያ መርከብ ተዛወሩ። በቀርጤስም መልካም ወደብ ወደሚባል ስፍራ በደረሱ ጊዜ ክረምቱ ቀርቦ ነበርና ጳውሎስ ከዚያ እንዳይነሡ መከራቸው፤ የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት ሰማ። ለስላሳ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ ሐሳባቸው የተፈጸመ መስሏቸው ተነሡ፤ ጥቂት ቆይቶ ዐውሎ ነፋስ ወረደባቸው። ብዙ ቀን ፀሐይም ከዋክብትም አልታዩም። የዚያን ዘመን መርከበኛ መንገዱን የሚለየው በእነዚህ ነበርና፥ ወዴት እንዳሉ አላወቁም ማለት ነው።

ጌታ ወደ ሮሜ መድረሱን ሲነግረው ዐውሎውን ስለምን አልነገረውም ቢሉ፤ ፍጻሜውን ነገረው እንጂ መንገዱን አልነገረውም። መንገዱን ሁሉ አስቀድሞ ያወቀ ሰው የሚታመነው በዕውቀቱ ነው፤ የማያውቀውን መንገድ የሚሄድ ግን በሚመራው ይታመናል። አንድም፤ ያ ዐውሎ ባይነሣ ኖሮ በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስ የጳውሎስን አምላክ ኃይል ባላዩ ነበር።

መታመን ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። መልአኩ አንድ ሰው እንዳይጠፋ ለጳውሎስ ነግሮት ነበር፤ ነገር ግን መርከበኞቹ በታንኳ ሊሸሹ በፈለጉ ጊዜ፥ እነርሱ ከሌሉ መዳን እንደሌለ ለወታደሮቹ የተናገረ እርሱ ነው። በ14ኛውም ቀን እንጀራ አንሥቶ በሁሉ ፊት አመስግኖ በላ፤ የቀሩትም ተጽናንተው በሉ፤ ከዚያም ስንዴውን ወደ ባሕር ጥለው መርከቡን አቀለሉ። ተስፋውም ድካሙም ከእግዚአብሔር ነውና አንዱ ሌላውን አይሽረውም። የታመመ ቢጸልይ መድኃኒቱን አይተው፤ አዝመራውን በረዶ የመታበት ገበሬም ቢያለቅስ ለሚመጣው ዓመት ዘሩን ይፈልግ።

መርከቡ ተሰበረ፥ ጭነቱም ጠፋ፤ ሰዎቹ ግን እኵሌቶቹ በዋና፥ እኵሌቶቹ በሳንቃ ላይ ሆነው ሁሉም ወደ ምድር ወጡ። ከዚህ የምንማረው፥ እግዚአብሔር የምንሄድበትን መርከብ ሳይሆን እኛን እንዲጠብቅ ነው። ርስት፥ ሹመት፥ ጤና መርከብ ናቸው፤ ቢሰበሩ እግዚአብሔር ተሰበረ አይባልም።

በመላጥያ ደሴት እፉኝት እጁን በነደፈው ጊዜ የአገሩ ሰዎች ነፍሰ ገዳይ ነው አሉ፤ ሳይሞት ቢቀር ደግሞ አምላክ ነው አሉ። በሁለቱም ተሳሳቱ። መከራ ያገኘውን ሁሉ ኃጢአተኛ፥ መከራ ያለፈውን ሁሉ ጻድቅ የሚል ሰው እንደ እነርሱ ነው። ስለዚህ ልጁ የሞተበትን ጎረቤትህን «ምን በድለህ ይሆን?» አትበለው፤ ከእርሱ ጋራ ተቀመጥ እንጂ። በዚያች ደሴት ጳውሎስ የፑፕልዮስን አባት ከንዳድና ከተቅማጥ ፈወሰው፤ ሌሎችም ድውያን መጥተው ተፈወሱ። ለመርከበኞቹ ጥፋት የሆነው ለእነዚህ መድኃኒት ሆነላቸው።

እንግዲህ የሚታመን ሁሉ ከሥጋ ሞት ይድናል ማለት ነውን? አይደለም። ይህ ሐዋርያ ከባሕር ወጥቶ ሮሜ ደረሰ፤ በዚያም በኔሮን ዘመን በሰይፍ እንደ ተሠዋ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ በሐምሌ 5 ቀንም በዓሉን ታከብራለች። በባሕር ያዳነው በሰይፍ ጊዜ አልተወውም፤ በባሕሩ ወደ ሮሜ፥ በሰይፉ ወደ ራሱ አደረሰው እንጂ። በእግዚአብሔር መታመን ይህ ነው፤ ይህን ወይም ያን ካደረግህልኝ ብሎ መዋዋል ሳይሆን፥ በሕይወትም በሞትም የእርሱ ሆኖ መገኘት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ፀሐይም ከዋክብትም ባልታዩ ጊዜ እንጀራችሁን አንሥታችሁ አመስግኑ፤ አጠገባችሁ ያለውንም አጽናኑ። ጽናቱን እርሱ ያድለን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።