ገናን ሁለት ጊዜ የሚያከብር ልጅ

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ የሚያመራው ወደ አንኮበር ነበር። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. የገባው እዚያው ነው። ጣሊያናዊው አንቲኖሪም ከአንኮበር ብዙም በማትርቀው ልጥ ማረፊያ ሰፍሮ፣ በ1874 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። እነዚህ ሰዎች ግን ማንነታቸው በአገራቸው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የመጡ ናቸው። ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ስደተኛ ልጅ ሲወልድና ሲያሳድግ ነው። ቤት ውስጥ በአንድ ቋንቋ የሚገሠጽ፣ ደጅ ላይ በሌላ ቋንቋ የሚጫወት ልጅ የማን ነው?

በአገራችን ይህን ለመረዳት ከአርመኖች መጀመር ይሻላል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ተቀበላቸው። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው ጭፍጨፋ የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ስማቸውም «አርባ ልጆች» ሆኖ ቀረ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የያኔውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፣ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉ። በ1923 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ የንግሥ በዓል ላይ የተሰማው ይኸው መዝሙር ነው።

ከእነርሱ በፊትም በኋላም የመጡ አርመኖች አዲስ አበባ ላይ ቤተሰብ መሠረቱ። ልጆቻቸው ከእናት ከአባታቸው አርመንኛ፣ ከሞግዚትና ከጎረቤት አማርኛ እየሰሙ አደጉ። በትምህርት ቤታቸው የራሳቸውን ፊደል ቆጠሩ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያናቸውም አስቀደሱ። የአርመን ገና የሚውለው በእኛ ገና ዋዜማ ነው። ስለዚህ የአርመን ልጅ ዛሬ የራሱን በዓል አክብሮ ነገ ደግሞ ከጎረቤት ዶሮ ወጥ ይደርሰዋል። የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉ እኅትማማቾች ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ አርመኖች ከሌሎች የውጭ ዜጎች ይልቅ ለሕዝቡ የቀረቡት ከሁሉ በፊት በዚህ ነው።

ይህ ማለት ኑሮው አልጋ በአልጋ ነበር ማለት አይደለም። እዚሁ ተወልዶ መንገድ ላይ «ፈረንጅ» መባል ያማል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላም ንብረታቸው የተወረሰባቸው ብዙዎች አገር ለቀቁ፤ አንድ ጊዜ ከሺህ በላይ የነበሩት ዛሬ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው።

ያም ሆኖ የሰጡን ነገር አለ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገራችንን ቅኝት ከምዕራቡ የሙዚቃ ስልት ጋር አዋሕዶ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ብዙ ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ድምፃዊ ቫሄ ትልቢያንም በአማርኛም በአርመንኛም ይዘፍናል። በሁለት ቤት ያደገ ሰው ከሁለቱም ያመጣል እንጂ ከሁለቱም አይጎድልም።

ጥያቄው በአርመኖች አላበቃም። ዛሬ ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ ቻይናዊ ባለሙያ ማየትም አዲስ ነገር አይደለም። ነገ የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ክፍላችሁ ገብቶ ቢቀመጥ፣ መምህራን ሆይ፣ «ከሁለቱ የቱ ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ስሙን አስተካክላችሁ ጥሩት፣ የቤቱን በዓልም ለጓደኞቹ እንዲነግራቸው ዕድል ስጡት።