ማስታወቂያ ቢታገድ ገበያ ያመጣል?

ጠበቃ ነኝ። የቢቸናና የሞጣ ነጋዴዎች «ማስታወቂያችን ቢታገድ ስማችን ይናኛል አይደል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ምሳሌያችሁ የጫማ አምራቹ ናይኪ ነው። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ጫማውን ከለከለ ብሎ በማስተዋወቅ ገበያ አግኝቷል። ግን የተከለከለው ጫማው በጨዋታ ላይ መደረጉ እንጂ ማስታወቂያው አልነበረም።

እኛ ዘንድ የሚታገደው ራሱ ማስታወቂያው ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ ሲያስወጣ የቢራ ሰሌዳዎች ወረዱ፤ አንዳንድ ጠማቂዎችም አልኮል የሌለውን ማልት ወደ ማስተዋወቅ ዞሩ።

አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ ሐሰተኛ ወይም የሰውን ክብር የሚነካ ማስታወቂያ ይከለክላል።

በሱቃችሁ በር ላይ የሰቀላችሁት ባነር እንዲህ ያለ ሕግ ጥሶ ቢወርድ የማሳተሚያው ገንዘብ ከኪሳችሁ ነው፤ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። እባካችሁ ጽሑፉን ከማሳተማችሁ በፊት ጠይቁኝ።