«ወርጄ ልግፋው?» አለችኝ

ባለፈው ክረምት ነው። እጮኛዬን ከጎኔ አስቀምጬ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ እነዳለሁ። ዳገቱ መሀል ላይ መኪናዬ ማቃሰት ጀመረች። ነዳጅ ብረግጥ፣ ብረግጥ... ወይ ፍንክች! ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ያንባርቃል። እጮኛዬ ዞር ብላ «ወርጄ ልግፋው እንዴ?» አለችኝ። እሷ ሳቀች፣ እኔ አፈርኩ።

መኪናዬ 1300 ሲሲ ቪትዝ ናት፤ «ቪቪቲ-አይ» የሚል ጽሑፍ አለባት። የሸጠልኝ ሰው «ይሄ ጽሑፍ ካለ ትበራለች» ብሎኝ ነበር። በማግስቱ የወሰድኳት ጋራዥ ደግሞ «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» አለኝ። የተጠየቅኩት ብር ለሰርጋችን ካጠራቀምነው ግማሹን የሚበላ ነው!

እንቅልፍ ሲያሳጣኝ ሰፈራችን ወዳሉት ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ዘይት መቼ ነው የቀየርከው?» አሉኝ።

«ጋሼ... ቆየት ብሏል።»

«ቢጫዋ መብራትስ?»

እሷም በርታ ነበር። ችላ ብያት!

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንባቢዎቼ። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየር የሚገባበትን ቫልቭ የሚከፍትና የሚያዘጋው ካምሻፍት ነው። በድሮ ሞተሮች ይህ ሰዓት አንዴ ከተወሰነ አይለወጥም። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ቫልቩ ዘግይቶ ከተዘጋ፣ ሽቅብ የሚመጣው ፒስተን የገባውን አየር መልሶ ያስወጣዋል፤ ጉልበት ይጠፋል። በፍጥነት ሲዞር ግን አየሩ ተንደርድሮ ስለሚገባ ዘግይቶ መዝጋት ይጠቅማል። ቪቪቲ-አይ ሰዓቱን እንደ ሞተሩ ዙር ይለዋውጣል። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ቪቴክ ደግሞ የቫልቩን አከፋፈት ጭምር ይለውጣል፤ ያኔ ከ1.6 ሊትር ሞተር 160 የፈረስ ጉልበት አውጥቷል።

ቶርክና የፈረስ ጉልበት አታምታቱ። ቶርክ የማዞር ኃይል ነው። ቶርክ ከዙር ፍጥነት ጋር ሲባዛ የፈረስ ጉልበት ይሆናል። 120 ኒውተን ሜትር ቶርክ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ያው ቶርክ እስከ 6000 ዙር ሳይወርድ ከዘለቀ 100 ገደማ ይደርሳል። የቪቪቲ ሙያ ቶርኩ ታችም ላይም እንዳይሞት መያዝ ነው እንጂ ትንሹን ሞተር ትልቅ ማድረግ አይደለም። የአዲስ አበባ ከፍታ ቱርቦ ከሌለው ሞተር ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ እሱንም አይመልስም።

ታዲያ የእኔዋ ምን ሆነች? ሰዓቱን የሚለውጠው የዘይት ግፊት ነው። ያረጀው ዘይት ቆሻሻ የዘይት መቆጣጠሪያዋን አጣብቋት ሰዓቱ ዘግይቶ ቀረ። ዳገት ላይ የምፈልገው ቶርክም አብሮ ቀረ። ሽማግሌው ፈተው አጠቧት፣ ማጣሪያዋን አጸዱ፣ ዘይት ቀየሩ። አለቀ!

እና ምክሬ፦ ዘይት በጊዜው ቀይሩ፤ ቢጫ መብራት አትናቁ፤ «ሞተር ይውረድ» ስትባሉ መጀመሪያ «የዘይት መቆጣጠሪያዋ ታይታለች?» ብላችሁ ጠይቁ።

እንጦጦን ደግመን ወጣነው። እጮኛዬ መግፋቱ ቀርቶባት እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ሰርጉ ለጥር ነው።