የአርክቲክ በረዶ መሳሳት የዓለም ጉዳይ ሆኗል

አርክቲክ በመባል የሚታወቀው የሰሜን ዋልታ አካባቢ እንደ ደቡቡ ዋልታ በበረዶ የተሸፈነ አህጉር አይደለም፤ መሐሉ ውቅያኖስ ነው። ሩሲያ፣ ካናዳ፣ ዩናይትድ ስቴትስ፣ ኖርዌይና በግሪንላንድ በኩል ዴንማርክ ይዋሰኑታል። ውቅያኖሱን የሸፈነው በረዶ እየሳሳ በሄደ መጠን ለዘመናት ለመርከብ ዝግ የነበረው ባሕር በበጋ ወራት መተላለፊያ መሆን ጀምሯል። አካባቢው የመንግሥታት መነጋገሪያ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነጭ በረዶ አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን ወደ ጠፈር መልሶ ያንጸባርቃል። ሲቀልጥ የሚገለጠው ጥቁር ውሃ ግን ሙቀቱን ስለሚይዝ ተጨማሪ በረዶ ያቀልጣል። እ.ኤ.አ በመስከረም 2012 የበረዶው ስፋት ወደ 3 ነጥብ 4 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወርዶ ነበር፤ በሳተላይት ያልተቋረጠ ልኬታ ከተጀመረበት 1979 ወዲህ የተመዘገበው ዝቅተኛ መጠንም ይኸው ነው። ተንሳፋፊው በረዶ መቅለጡ የባሕርን ከፍታ እምብዛም አይለውጥም። አሳሳቢው በግሪንላንድ የብስ ላይ የተከመረው ነው። ይህ ክምር ሙሉ በሙሉ ለመቅለጥ እጅግ ረጅም ዘመን የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ከቀለጠ የዓለምን የባሕር ከፍታ በሰባት ሜትር ገደማ ይጨምራል። ጉዳቱም ከዋልታው እጅግ ርቀው በሚገኙ የወደብ ከተሞች ላይ ጭምር ይደርሳል።

በሩሲያ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚያልፈው የባሕር መስመር ሰሜን አውሮፓን ከምሥራቅ እስያ ጋር በአጭር ርቀት ያገናኛል። ለእኛ አካባቢ ነገሩ ሩቅ ይምሰል እንጂ መስመሩ የሚፎካከረው በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ በኩል ከሚያልፈው መንገድ ጋር ነው። ሆኖም በረዶ ሰባሪ መርከብ የሚያስፈልገውና በቀዝቃዛዎቹ ወራት የማያስተማምን በመሆኑ በቅርቡ ስዊዝን ይተካል ማለት የተጋነነ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ለባሕር ዳር አገሮች እስከ 200 የባሕር ማይል የሚደርስ የኢኮኖሚ ቀጣና ይፈቅዳል። ከዚያ ባሻገር በሚገኘው የባሕር ወለል ላይ መብት የሚጠይቅ አገር ወለሉ የየብሱ ተቀጥላ መሆኑን በሳይንሳዊ ማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል። በ2007 የሩሲያ አሳሾች በዋልታው ሥር ከባሕሩ ወለል ላይ የተከሉት ሰንደቅ ዓላማ ብዙ ቢወራለትም በሕግ ፊት መብት አያስገኝም። የሩሲያ፣ የዴንማርክና የካናዳ ጥያቄዎች በከፊል ይደራረባሉ።

ስምንት አገሮችን የያዘው የአርክቲክ ምክር ቤት በ1996 በኦታዋ ሲመሠረት ወታደራዊ ጉዳዮችን እንዳይመለከት ተደርጓል። ይህም ሆኖ በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ ሰባቱ አባላት ከሩሲያ ጋር የሚያደርጉትን ስብሰባ አቋርጠዋል፤ ሥራው በኋላ የቀጠለው በከፊል ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2018 ዘጠኝ አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት በማዕከላዊው የአርክቲክ ውቅያኖስ ዓለም አቀፍ ክልል ለንግድ የሚሆን ዓሣ ማስገር እንዳይጀመር ተስማምተዋል። ከፈራሚዎቹ መካከል ሩሲያና ዩናይትድ ስቴትስ፣ ቻይናና ጃፓን ይገኙበታል። በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ስምምነት የመጀመሪያ ዘመኑ 16 ዓመት ሲሆን፣ በክልሉ የንግድ ዓሣ ማስገር ገና ሳይጀመር የተደረሰ ነው።