ጨጓራችንን ያመመው በርበሬው ነው?

ዲላ ላይ ቆጮ ሲቀርብ ዓይን ቶሎ የሚፈልገው ዳጣውን ነው። ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተወቅጦ፣ ጨው ነካ ተደርጎበት፣ ውሃውን እንደያዘ በትንሽ ሳህን ይመጣል። ከማዕዱ አንዱ በሰፊው እየጠቀሰ ይበላል፤ ሌላው «ጨጓራ አለብኝ» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ይህ በየቤቱ ያለ የቆየ ክርክር ነው፤ በእኔ እምነት ግን ፍርዱ ተዛብቷል። በርበሬ ባልሠራው ጥፋት ሲከሰስ፣ መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ገበያ ላይ ሳይነካ ያልፋል።

ዲላ ያለችበት የጌዴኦ ዞን የእንሰትና የቡና አገር ነው። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብም አንዱ ትልቅ ምክንያት ቡናና እንሰት ከአገር በቀል ዛፎች ጋር አብረው የሚለሙበት ጥንታዊ የእርሻ ጥበብ ነበር። እንሰት ድርቅን ይችላል፣ ብዙ ሕዝብም ይመግባል። ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ግን በአብዛኛው ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፤ ፕሮቲኑ ጥቂት፣ ቫይታሚን ኤ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አጠገቡ የሚቀመጠው ጎመን፣ አይብና ቃሪያ እንደ ማጣፈጫ ብቻ መታየት የለበትም። 100 ግራም ትኩስ ቃሪያ ከ200 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። ያን ያህል ዳጣ በአንድ ጊዜ የሚበላ ባይኖርም፣ 20 ግራም ያህሉ የአንድን አዋቂ የቀን ፍላጎት ግማሽ ይሸፍናል፤ በጎመኑ ውስጥ ያለው ብረትም ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሰንት ጆርጂ ቫይታሚን ሲን በብዛት ማውጣት የቻለው ከአገሩ በርበሬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ይህ ቫይታሚን ግን ሲደርቅም ሲፈላም አብዛኛው ይጠፋል፤ ስለዚህ ዳጣ የሚወቀጠው ለዕለቱ ቢሆን ይመረጣል።

ቀዩ በርበሬ ሌላ ሀብት አለው። ቁሌቱ ላይ በርበሬው ገብቶ ቀስ እያለ ሲቁላላ ዘይቱ ቀልቶ ከዳር ከዳር ይወጣል። ያ ቀለም ካሮቲኖይድ ይባላል፤ ከፊሉን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። የሚሟሟው በስብ ስለሆነ ከዘይት ወይም ከቅቤ ጋር ሲበስል የበለጠ ይጠቅማል። እናቶቻችን በቁሌት ላይ የማይቸኩሉት ለጣዕሙ ብለው ቢሆንም ጤናውም አብሮ ተገኝቷል።

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሳይንቲስቱ ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳየው ካፕሳይሲን የሚነካው ሙቀትን የምንለይበትን የነርቭ መቀበያ ነው፤ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2021 ኖቤል ተሸልሟል። ምላስ የተቃጠለ ይመስለዋል እንጂ አልተቃጠለም። ውሃ አያበርደውም፤ አይብና ወተት ግን ያበርዱታል። ዛሬ ካፕሳይሲን ያለበት ቅባትና ልጥፍ ለነርቭ ሕመም ይታዘዛል።

ትላልቅ ጥናቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቻይና የወጣው ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የተከታተለ ሲሆን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚያቃጥል ምግብ የሚበሉት ሰዎች የመሞት ዕድል በ14 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግን ሰዎች ምን እንደሚበሉና ምን እንደሚሆኑ የታዘበ እንጂ በርበሬ ዕድሜ እንደሚያስረዝም ያረጋገጠ ጥናት አይደለም። ከዚያው አገር የወጣ ሌላ ጥናት የሚያቃጥል የሚወዱ ሰዎች ጨው ይቀንሳሉ ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ላይም እንደገና ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚመክረው፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው በርበሬውን ያለ ጨው ቢያስፈጭ መልካም ነው።

አሁን ወደ ጨጓራው። ተመራማሪዎቹ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዳሳዩት የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ ምክንያት ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል አግኝተዋል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ግማሽ ያህሉ ሰው ባክቴሪያው ይገኝበታል። ሁለተኛው ምክንያት እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በርበሬ ቁስሉን ባያመጣውም፣ ቁስለት ወይም ቃር ያለበትን ሰው ያሳምመዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ቢተወው ልክ ነው። የሚያሳዝነኝ በርበሬ በመተው ብቻ ዓመታትን የሚገፋው ሰው ነው። ቀላል ምርመራና የሁለት ሳምንት ያህል መድኃኒት ሊያጠፋው የሚችለውን ባክቴሪያ ይዞ ይኖራል።

የበርበሬ ትልቁ አደጋ ግን ሻጋታ ነው። ሳይደርቅ የተከማቸ፣ ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ፣ ወይም ሚዛን እንዲደፋ ውሃ የተረጨበት ዛላ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ወጥ ውስጥ ቢፈላም አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ በበርበሬና በሽሮ ውስጥ መገኘቱ በጥናት ከታወቀ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። በላዩ ላይ ደግሞ በተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል አለ።

ጌዴኦ በዓመት ሁለቴ ዝናብ የሚያገኝ እርጥብ አገር በመሆኑ በርበሬ ማድረቅም ማቆየትም ከቆላው ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ የተፈጨ ከመግዛት ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል። ሲገዙም አንድ ሁለቱን ሰብሮ ማየት ነው፦ ደህና የደረቀው ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ የሚለመጥና ውስጡ ግራጫ ያበቀለ ከሆነ መተው ነው። ዓይን የማያየውን ግን ሸማች ሊለየው አይችልም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የግብርናም የጤናም ኮሌጅ አለው። ከከተማው ገበያ በየወቅቱ የበርበሬ ናሙና ወስዶ ቢመረምርና ውጤቱን በአማርኛና በጌዴኡፋ ለነጋዴውም ለሸማቹም ቢያሳውቅ፣ ዞኑም የሻገተውን ከገበያ ቢያስወጣ መልካም ነው፤ ይህ በአንድ የበርበሬ ወቅት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።