ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ሕመምን መቻል አያድንም

በእኛ በሰሜን ሸዋ ሕመምን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይታያል። ከትርፍ አንጀት፣ በደጋው ከሚታወቀው የአንጀት መጠማዘዝ ወይም ከወሊድ ኦፕራሲዮን በኋላ ግን ይህ ትዕግሥት ይጎዳል። ያመመው ሰው በደንብ አይተነፍስም፣ ለመሳል ይፈራል፣ ከአልጋ አይነሣም። አክታው ሳንባው ውስጥ ይጠራቀምና ለሳንባ ምች ያጋልጠዋል፤ ያልተንቀሳቀሰ እግር ውስጥም ደም ሊረጋ ይችላል።

ስለዚህ የታዘዘላችሁን ማስታገሻ፣ ሕመሙ እስኪበረታ ሳትጠብቁ፣ በሰዓቱ ውሰዱ። ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ፣ አይለፍ። የጉበት ችግር ላለበት ወይም ክብደቱ ለቀነሰ ሰው መጠኑ ያንሳል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ዳይክሎፌናክን እባካችሁ ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ አይውሰድ።

ስትስሉ የታጠፈ ጋቢ ቁስሉ ላይ ደግፋችሁ ያዙ። ስትነሡ በጎን ዞራችሁ፣ እግራችሁን አውርዳችሁ፣ በክንዳችሁ ተደግፋችሁ ይሁን። ሐኪም ካልከለከለ እርምጃ በማግስቱ ይጀመራል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ቢከብድም ደርባችሁ በኮሪደሩ ተመላለሱ።

ከሁሉ የሚያሳስቡኝ ቤታቸው የሚመለሱ እናቶች ናቸው። በአንኮበር ዳገት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማዘል 20 ኪሎ መሸከም ነው። የውስጡ ስፌት ሳይጠነክር ይህ ከሆነ አንጀት በስፌቱ በኩል ገፍቶ ሊወጣ ይችላል። ቢያንስ ለ6 ሳምንት ውኃውን ባልና ልጆች ይቅዱ።

ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል፣ የሆድ መነፋት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ የቀጠሮ ቀን አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ተነሡ።